ሙቀቱን ከመጨመራችሁ በፊት፣ አየሩ በየት ይወጣል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቤታቸው አነስተኛ አውሮፕላን ለመሥራት ስለሚጥሩ ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በጣም ደስ ብሎኛል። ልጆቹ ሥራውን ከልባቸው እንደያዙት ያስታውቃል። ጽሑፉ ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ነገር ጣል አድርጎ አለፈ። ወጣቶቹ ወጪ ለመቀነስ ብለው የአውሮፕላኑን የውስጥ ማሞቂያ ትተውታል፤ አገራችን የፀሐይ አገር ስለሆነችም አያስፈልግም ይላል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ነው።

እኔ በአውሮፕላን ላሜራ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እኖራለሁ። አብራሪ አይደለሁም። ኮፈን ተከፍቶ ውስጡ ያለውን ቱቦ፣ ማሰሪያና መዝጊያ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ስለ ሙቀትና ስለ አየር መንገድ የምለው አለኝና አምዳችሁን ትንሽ አውሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከከተማው ተነስቶ በሰሜን በኩል ያለውን ተራራ በሰላም ማለፍ የሚፈልግ ትንሽ አውሮፕላን ወደ 4,000 ሜትር መጠጋት ይኖርበታል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ፒያሳ ላይ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጠው በ7 እና በ8 ዲግሪ ነው። ከዚያ ላይ 10 ዲግሪ ቀንሱ። ከዜሮ በታች ገባችሁ ማለት ነው። ፀሐይ አገር የሚባለው መሬት ላይ ላለ ሰው ነው።

ብርዱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ሁለት ሰው ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲተነፍስ የፊት መስታወቱ በእርጥበት ይሸፈናል። ያንን የሚገፍፈው ሙቅ አየር ነው። ሙቅ አየር ከሌለ አብራሪው በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው መስታወት ሲወለውል ይውላል። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ሬዲዮ እንኳ በወጉ መነካካት አይችልም። ስለዚህ ልጆቼ፣ ማሞቂያውን እንደ ቅንጦት አትዩት።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ በሚሠሩት አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተር የለም። ስለዚህ እንደ ዘመናዊ መኪና ሙቅ ውኃ እያዞሩ ማሞቅ አይቻልም። ሙቀቱ የሚገኘው ከጭስ ማውጫው ነው። በጭስ ማውጫው ቱቦ ወይም በማርሚታው (የጭሱን ድምፅ በሚያፍነው ክፍል) ዙሪያ ላሜራ ይጠቀለላል። በላሜራውና በቱቦው መካከል ባዶ ቦታ ይተዋል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከፊት ከሚገባው አየር ላይ ጥቂቱ፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቱቦ ተጠልፎ ወደዚህ ባዶ ቦታ ይመጣል። የጋለውን ብረት ታክኮ ሲያልፍ ይሞቃል። ከዚያ በሞተሩና በሰዎቹ መካከል ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ወደተገጠመች ትንሽ ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኗ ውስጥ መዝጊያ አለች። አብራሪው ክሩስኮቱ ላይ ያለውን እጀታ ሲስብ ኬብሉ መዝጊያዋን ይከፍታትና ሙቁ አየር ወደ እግሩ ይገባል። እጀታውን ሲመልስ አየሩ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ክፍል ይደፋል። ይህ መደፋት የግድ ነው። ማሞቂያው ሲዘጋ አየሩ መሄጃ አጥቶ ከቆመ፣ ላሜራውም ቱቦውም ከመጠን በላይ ይግላሉ።

የድሮ ቮልስ የነዳ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። ቮልስም ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ሙቀቱን የሚያገኘው የጭስ ማውጫውን ከከበቡ ሳጥኖች ነው። ከዚያ በበሮቹ ሥር ባለው ቦይ ወደ ፊት ይልከዋል። ቸርችል ጎዳና ላይ ዛሬም ሽቅብ ሲወጡ የምናያቸው ቮልሶች ብዙዎቹ ያ ሳጥን በዝገት ተበልቶ ማሞቂያቸው ተነቅሏል ወይም ተደፍኗል። ጥሩ አድርገዋል። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። አስመላሽ ዘፈሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሙከራ ያወጣት ኬ-570ኤ የተባለች በእጅ የተሠራች አውሮፕላንም ሞተሯ የቮልስ ነበር። እዚህ አገር የሚሠራ ልጅ በቀላሉ የሚያገኘው ሞተር ይኸው ስለሆነ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የእህቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን በጋራዡ ገጣጥሞ ሠርቷል። በአሜሪካ ሕግ፣ ሰው ለራሱ መማሪያ ወይም መዝናኛ ብሎ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን ራሱ ከሠራ፣ በሙከራ ምድብ ተመዝግቦ እንዲበር ይፈቀድለታል። ክረምታቸው ሲገባ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቁርጭምጭሚቴ እየተቃጠለ ጀርባዬ ይበርዳል» አለኝ። ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት። ቱቦውን በሰፊ ቀይሯል። በሌላኛው ጭስ ማውጫ ላይ ሁለተኛ ማሞቂያ አክሏል። ብርድ እንዳይገባ ብሎ የላይኛውን የመስታወት ክዳን ዙሪያውን በስፖንጅ ደፍኗል። ጭራሽ ብሶበታል።

«አየሩ በየት ይወጣል?» አልኩት።

«እኔ እንዲገባ ነው የምፈልገው» አለ።

ችግሩ እዚያ ላይ ነበር። አፉ ብቻ ክፍት የሆነ ጠርሙስ ውስጥ እፍ ብትሉ ትንፋሻችሁ አይገባም፤ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። የአውሮፕላን ውስጥም እንዲሁ ነው። አዲስ አየር የሚገባው የነበረው አየር ሲወጣለት ብቻ ነው። መውጫ ከሌለ አሥር ማሞቂያ ብትገጥሙ ሙቀቱ ሞተሩ ጋ ይቀራል።

በበረራ ላይ ደግሞ አየር እኛ በምናስበው አቅጣጫ አይሄድም። ከላይ ባለው ክብ መስታወት ላይ ነፋሱ ፈጥኖ ስለሚያልፍ እዚያ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በክዳኑ ጠርዝ ያለው ክፍተት በአብዛኛው አየር ያስወጣል እንጂ አያስገባም። ቀዝቃዛው አየር የሚመጣው ከኋላ ነው። በጭራው በኩል ባሉ ቀዳዳዎች ይገባል፣ በባዶው አካል ውስጥ ወደ ፊት ይጓዛል፣ መጨረሻ ላይ የአብራሪውን ጀርባ ያገኛል። ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታም የመሪ ዘንጎቹ በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይገባል። ልጁ መውጫውን ደፍኖ መግቢያውን ትቶት ነበር።

ይህን በወሬ እንዲያምነኝ አልፈለግኩም። የጥጥ ክር በስስ ማጣበቂያ በየክፍተቱ አጠገብ እንዲለጥፍ ነገርኩት። አብሮት የሚበር ጓደኛው ደግሞ በስልክ ይቅረጽ አልኩ። ክር አይዋሽም። አየር ወደሚሄድበት ይተኛል። ቪዲዮውን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ከወንበሩ ኋላ ያሉት ክሮች ሁሉ ወደ ፊት ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። እኔ እዚህ አራዳ ቁጭ ብዬ የኮሎራዶን ነፋስ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራው የላሜራ ሥራ ሆነ። ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ግድግዳ በደንብ ደፈነ። የመሪ ዘንጎቹ በሚያልፉበት ላይ ከቆዳ የተሰፋ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ከረጢት አለበሰ። እዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዋለሁ፤ ከረጢቱ መሪውን በየትኛውም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ሲገፉት መወጠርም መያዝም የለበትም። የክዳኑን ስፖንጅ ከኋላ በኩል ጥቂት ቆርጦ አነሳና አየሩ መውጫ አገኘ። ሁለተኛውን ማሞቂያ አወጣው። ሰፊውንም ቱቦ በመጀመሪያው ተካው። ቱቦ ስለሰፋ ሙቀት አይጨምርም። አየሩ ከበዛ ከጋለው ብረት ሙቀት ሳይጠግብ ያልፍና ለብ ብሎ ይደርሳል። ከዚያም በላይ ያ አየር ሞተሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር ነው፤ ከእሱ ላይ ነው የሚቀነሰው።

የቀረው ማከፋፈሉ ነበር። ከሳጥኗ የሚወጣው አየር ቀጥ ብሎ አንድ እግር ላይ ነበር የሚያርፈው። አንዲት አነስተኛ ማጠፊያ በካርቶን ቆርጬ ሠራሁ። አየሩን ለሁለት ትከፍለዋለች፣ ጥቂቱን ደግሞ ወደ ላይ ወደ መስታወቱ ታነሳዋለች። ፎቶ አንስቼ ከነልኬቱ ላኩለት። እሱ በላሜራ ሠርቶ ገጠማት። አሁን ያለ ወፍራም ካልሲ ይበራል። እናቱም ተረጋግታለች፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳንድ ሠሪዎች ሙቀት ለመጨመር በላሜራውና በቱቦው መካከል የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይጠቀጥቃሉ። ይሠራል። አየሩ ብዙ ብረት ስለሚነካ ይበልጥ ይሞቃል። ነገር ግን የማይዝገው ዓይነት መሆን አለበት። ከተጠቀጠቀም አየሩን ያንቃል። እኔ መውጫውን ሳያስተካክሉ ወደዚህ መሄድን አልወድም።

አሁን ቮልሶቹን ያነሳሁበትን ምክንያት ልናገር። ከሁሉ በላይ እንድታትሙልኝ የምፈልገው ይህን ክፍል ነው።

በዚህ ዓይነት ማሞቂያ ውስጥ የምንተነፍሰውን አየር ከሞተር ጭስ የሚለየው የአንድ ስስ ቱቦ ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ቱቦ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይርገበገባል። አንድ ቀን በብየዳው ጠርዝ ላይ የፀጉር ያህል ይሰነጠቃል። ላሜራው ስለሸፈነው ማንም አያየውም። ከዚያ በኋላ አብራሪው ማሞቂያውን ሲከፍት ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ራሱ እየጠራ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ኦክስጅኑን ቦታ ይቀማዋል።

ጋዙን እኛ አዲስ አበቤዎች እናውቀዋለን። ብርድ በመጣ ቁጥር ከሰል አያይዘው በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ቤተሰቦችን ለቅሶ ደርሰናል። ያው ጋዝ ነው። በአየር ላይ ደግሞ የባሰ ነው። እዚሁ መሬት ላይ እንኳ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። 4,000 ሜትር ላይ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀድሞ ኦክስጅን ያነሰው ሰው ላይ ጋዙ ሲጨመርበት ምን ያህል እንደሚፈጥን አስቡት። ምልክቱም ተንኮለኛ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ። ሰው ድካም ወይም ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል።

የእግር ኳስ ወዳጆች ኤሚሊያኖ ሳላን አትረሱትም። የካርዲፍ ሲቲ ክለብ አስፈርሞት ከፈረንሳይዋ ናንት ከተማ ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የተሳፈረባት ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ ባሕር ውስጥ ወደቀች። ደሙ ሲመረመር 58 በመቶው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ተገኘ። የእንግሊዝ መርማሪዎች አብራሪውም በዚሁ ጋዝ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ገልጸዋል። አውሮፕላኗ በጋራዥ የተሠራች አልነበረችም፤ የፋብሪካ ሥራ ነበረች። ጋዙ ይህን አይለይም። መርማሪዎቹ ካቀረቧቸው ምክረ ሐሳቦች አንዱ እንዲህ ባሉ አውሮፕላኖች ውስጥ ጋዙ ሲመጣ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖር ነው።

ስለዚህ ወጣቶቹ ማሞቂያ ሲሠሩ ላሜራውን በቀላሉ የሚወልቅ አድርገው ይሥሩት። በሁለት ማሰሪያ የሚያዝ ቢሆን ይበቃል። ለማውለቅ የሚያስቸግር ነገር ማንም አያወልቀውም፤ ይህን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አይቻለሁ። ላሜራው ወልቆ ቱቦው በብርሃን ይታይ። ዓይን ብቻ አይበቃም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጭስ ማውጫው ጫፍ በኩል በቀስታ አየር ይነፋበት፤ ከላይ የሳሙና ውኃ ይረጭበት። ስንጥቅ ካለ አረፋው ይናገራል። የጎማ ቀዳዳ ፈልጎ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል።

ጋዙን የሚያሳውቅ መሣሪያ ደግሞ ይገጠም። ቀለሟን የምትቀይር ርካሽ ካርድ አለች። ዓይን ካላያት አትናገርም፤ ከተከፈተች በኋላም ዕድሜዋ አጭር ነው። እኔ የምመክረው የሚጮኸውን ነው። ከጮኸ ወይም ራስ ምታት ከጀመረ ክርክር የለም። ማሞቂያው ይዘጋል፣ የንጹሕ አየር መግቢያዎቹ ይከፈታሉ፣ በቅርብ ወደሚገኝ ማረፊያ ይወረዳል። አየር ማስወጫ ቀዳዳ ሲቀደድም የሞተሩ ጭስ በሚሄድበት በሆድ በኩል አይሁን። እዚያ ያለ ክፍተት መውጫ መሆኑ ቀርቶ መግቢያ ከሆነ ጭሱን ይስበዋል። ክሩን እዚያም ለጥፉ።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። ሶማሌ ተራ ከተዞረ የመኪና የአየር ቱቦ በርካሽ ይገኛል። ፕላስቲክ ነው። ከማርሚታ አጠገብ ይቀልጣል። ለሙቁ መንገድ የሚሆነው ከመስታወት ጭረት ተሠርቶ ሲሊኮን የተለበጠው፣ ሽቦ የተጠማዘዘበት ቱቦ ነው። እስከ 280 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ግድግዳው ላይ የምትገጠመዋን ሳጥን ደግሞ ለመሥራት ይቀላል ብላችሁ ከአሉሚኒየም አትሥሯት። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የቤንዚን እሳት ከ1,000 ይበልጣል። ሞተሩ ላይ እሳት ቢነሳ ያቺ ሳጥን ቀልጣ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በእግራችሁ በኩል ለእሳቱ ትከፍትለታለች። ሳጥኗም መዝጊያዋም ከማይዝግ ብረት ይሁኑ። መዝጊያዋ ስትዘጋ ብርሃን የማታሳልፍ መሆኗንም በባትሪ አብርታችሁ እዩ።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ጣሊያን የወሰዳትን ያቺን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2024 መልሳልናለች። ዜናውን ስሰማ አልቅሻለሁ። እነዚህ ልጆችም ሠርተው እንዲበሩ፣ በርረውም እንዲመለሱ እፈልጋለሁ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ወደ ልጆቹ ተመልሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ። አየሩ በየት ይገባል? በየት ይወጣል? የጭስ ማውጫውን ላሜራ አውልቆ ለማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መልሱን ብታትሙት አነበዋለሁ። የካርቶኗ ማጠፊያ ናሙና አሁንም እኔ ጋ አለች። ፈቃዳቸው ከሆነ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያግኙኝ፤ ከነልኬቷ እሰጣቸዋለሁ፣ ላሜራውንም አብረን እንቆርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የአውሮፕላን ላሜራ ባለሙያ
ከአራዳ ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ